የተኛን ፕሮሰሰር ማን ይቀሰቅሰዋል?

ይህ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ለኮምፒውተር ተማሪዎችና ለሙያው ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተሰናዳ ነው። በቃል ያልኩትን ብዙም አልቀየርኩትም። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም ጥቂቱን ጨምሬአለሁ።

አካም ጂርቱ? እንደምን ዋላችሁ?

ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ነው። ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

የመጣሁት ስለ አንድ ስህተት ልነግራችሁ ነው። ስህተቱ የራሴ ነው። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል። በመጨረሻ ሲገኝ የሁለት መስመሮች ቅደም ተከተል ሆኖ ተገኘ። ያቺን ቅደም ተከተል ከልብ ከተረዳችኋት፣ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፣ ማለትም በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ያሉ ፕሮሰሰሮች እንዴት እንደሚጠራሩ ከሚታወቀው ነገር ዋናውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመማር ብዬ ትንሽ ሃይፐርቫይዘር እጽፍ ነበር። ሃይፐርቫይዘር አንዱን እውነተኛ ኮምፒውተር ለብዙ ቨርቹዋል ኮምፒውተሮች የሚያካፍል ፕሮግራም ነው። ውስጡ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስነሳሁ። አንድ ፕሮሰሰር ስሰጠው ሳምንት ሙሉ ያለ ችግር ሠራ። ደስ ብሎኝ ሁለት ሰጠሁት። ተነሳ፣ ጥቂት ሰዓት ሠራ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። የስህተት መልእክት አልጻፈም። አልወደቀም። ዝም ብሎ ቆመ። የቁልፍ ሰሌዳውን ስነካው ግን ይነቃና ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል።

የት እንደሚቆም ለማየት መልእክት የሚያትም አንድ መስመር ጨመርኩ። ችግሩ ጠፋ። መስመሩን አወጣሁት። ችግሩ ተመለሰ። ይህን ያየ ፕሮግራመር ወዲያው ይገባዋል። ሁለት ነገሮች እየተሽቀዳደሙ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደደረሰ ነው። የማተሚያዋ መስመር አንዱን ትንሽ ስላዘገየችው ሽሚያው ለጊዜው ተደበቀ።

ጥሪው ምንድን ነው?

ፕሮሰሰር ሥራ ላይ እያለ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን እይልኝ» የሚል ጥሪ ይመጣለታል። ኢንተራፕት የምንለው እሱን ነው። የቁልፍ ሰሌዳው ይጠራዋል፣ ኔትወርክ ካርዱ ይጠራዋል፣ ሰዓት ቆጣሪው ይጠራዋል። ይህን ሁላችሁም ክፍል ውስጥ ተምራችሁታል። ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚታለፍ ሌላ ጥሪ ግን አለ። አንዱ ፕሮሰሰር ሌላውን ፕሮሰሰር የሚጠራበት ነው። በሙያው አይፒአይ ይሉታል።

ኤክስ86 በሚባሉት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ እያንዳንዱ ኮር፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሎካል ኤፒክ አለው። የኮሩ ዘበኛ ነው ብላችሁ አስቡት። ጥሪ የሚቀበለውም የሚልከውም እሱ ነው። ጥሪዎቹ ከ0 እስከ 255 ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ቬክተር ይባላል። የመጀመሪያዎቹ 32 ለፕሮሰሰሩ ለራሱ የተያዙ ናቸው፤ ለምሳሌ በዜሮ ማካፈል ሲያጋጥም የሚነሳው እዚያ ውስጥ ነው። የቀሩት ለመሣሪያዎችና ለእኛ ናቸው።

ዘበኛው 256 ቢት ያለው መዝገብ ይዟል። 60 ቁጥር ጥሪ ከመጣ በ60 ቁጥሩ ቢት ላይ ምልክት ያደርጋል። ይህ መዝገብ አይአርአር ይባላል፤ የደረሱ፣ ግን ገና ያልተነሱ ጥሪዎች ያሉበት ነው። ኮሩ ጥሪውን ሲያነሳ ምልክቱ አይኤስአር ወደሚባል ሌላ መዝገብ ይዛወራል። ሥራው ሲያልቅ ኮሩ «ጨርሻለሁ» ብሎ ለዘበኛው ያሳውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። መዝገቡ ምልክት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። 60 ቁጥር ሳይነሳ ሁለቴ ቢላክ ምልክቱ ያው አንድ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ራሱን ጥሪው ላይ መጫን አይቻልም። መልእክቱ ሜሞሪ ላይ ወረፋ ይዞ ይጻፋል። ጥሪው የሚለው «ሂድና ወረፋውን እይ» ብቻ ነው። ሊኑክስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ተማሪዎች የራሳቸውን ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ሲጽፉ ጥሪዎችን እየቆጠሩ ሲሳሳቱ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ፕሮሰሰሮች ለምን ይጠራራሉ? አንዱ ለሌላው አዲስ ሥራ ሲያቀብል «ተነስ፣ የሚሠራ ነገር አለህ» ይለዋል። አንዱ ሌላው ኮር ላይ ብቻ መሠራት ያለበት ነገር ሲኖረው ይጠራዋል። ማሽኑ ሲነሳም የመጀመሪያው ኮር ሌሎቹን የሚያስነሳው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ኢኒት የሚባል ጥሪ ይልክላቸዋል፤ ቀጥሎ ኮዳቸውን ከየትኛው አድራሻ መጀመር እንዳለባቸው የሚነግር ሌላ ጥሪ ይልካል። አራተኛ ምክንያት አለ፣ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። ቡና ነጋዴ ጨምሬ በኋላ እመለስበታለሁ።

አለ የተባለው ሲጠፋ

እውነተኛ ማሽን ላይ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። ኮሩ የትም አይሄድም። ሥራ አጥቶ ሃልት በሚባለው ትእዛዝ ቢያርፍ እንኳ ጥሪ ሲመጣ ሃርድዌሩ ራሱ ያነቃዋል። ማንም ሌላ ሰው አያስፈልግም።

ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ቪሲፒዩ የምንለው ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ግን ብረት አይደለም። ሆስት በምንለው በእውነተኛው ማሽን ላይ እንደማንኛውም ፕሮግራም ተራውን የሚጠብቅ አንድ ትሬድ፣ ማለትም አንድ የሥራ ክር፣ ነው። በማንኛውም ቅጽበት ከሦስት ቦታ በአንዱ ታገኙታላችሁ። ወይ አንድ እውነተኛ ኮር ላይ ሆኖ የጌስቱን፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኮድ እየሠራ ነው። ወይ ከጌስቱ ወጥቶ ሃይፐርቫይዘሩ ውስጥ ነው፤ ወይም ኮሩ ለሌላ ተሰጥቶበት ተራ እየጠበቀ ነው። ወይ ደግሞ ጌስቱ ሃልት ብሎ አርፎ፣ ትሬዱ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል።

ጌስቱ ይህን አያውቅም። እሱ ሁለት ፕሮሰሰር እንዳለው፣ ሁለቱም ሁልጊዜ እንዳሉ ያምናል። ከርነሉ የተጻፈው በዚያ እምነት ነው። የሃይፐርቫይዘር ጸሐፊው ሥራ ያንን እምነት እውነት ማድረግ ነው። እኔ ይህን ሥራ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሌለውን እንዳለ አድርጎ፣ ግን ሳይዋሹ ማቆም አለ።

ኢንቴል ለቨርቹዋል ማሽን የሚሆን የሃርድዌር ድጋፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ኤኤምዲ በ2006 ተከተለ። ዛሬ ብዙ ዳታ ሴንተር የቆመበት ኬቪኤም የሚባለው ሃይፐርቫይዘር ሊኑክስ ከርነል ውስጥ የገባው በ2007፣ በ2.6.20 ስሪት ነው። በዚያን ጊዜ ሎካል ኤፒክን አስመስሎ መሥራት ሙሉ በሙሉ የሶፍትዌር ሥራ ነበር። መንገዱን እንከተለው።

ቪሲፒዩ 0 ቪሲፒዩ 1ን ሊጠራ ፈለገ። የራሱ ኤፒክ ላይ ያለውን የጥሪ ሬጂስተር፣ ማለትም የጥሪ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ቦታ፣ ይጽፋል። እውነተኛ ኤፒክ ስላልሆነ ሃርድዌሩ ያስቆመውና ወደ ሃይፐርቫይዘሩ ያወጣዋል። ይህ ቪኤም ኤግዚት ይባላል። ውድ ነገር ነው፤ ወጥቶ ለመመለስ ብቻ ከሺህ በላይ የፕሮሰሰር ዑደት ይበላል። ሃይፐርቫይዘሩ ቁጥሩንና ተቀባዩን ያነባል። የተቀባዩን አስመሳይ አይአርአር አውጥቶ ቢቱን ያበራል። እስከዚህ ድረስ መጻፍ ብቻ ስለሆነ ማንም ይሠራዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ቪሲፒዩ 1 የት ነው ያለው? ጌስት ኮድ እየሠራ ከሆነ፣ እሱ ያለበትን እውነተኛ ኮር በእውነተኛ ጥሪ መምታት አለብን። ጥሪው ከጌስቱ ያስወጣዋል፤ ተመልሶ ሊገባ ሲል መዝገቡን አይቶ ጥሪውን ይቀበላል። ከጌስቱ ወጥቶ ከሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም፤ ሲገባ ያየዋል። ተኝቶ ከሆነ መቀስቀስ አለብን።

ሦስት ሁኔታ፣ ሦስት መልስ። ወረቀት ላይ የአሥር ደቂቃ ሥራ ይመስላል። ችግሩ እኛ እያየነው እሱ ቦታ ይቀይራል።

ኩራዙና ደብዳቤው

ይህን ለራሴ ያስረዳሁበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መብራት የሌለበት ሰፈር አስቡ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ኩራዝ አብርቶ ይሠራል። ሌሊት ደብዳቤ የሚያደርስለት መልእክተኛ አለ። ስምምነታቸው እንዲህ ነው። ኩራዙ ከበራ ሰውየው ነቅቷል፤ መልእክተኛው ደብዳቤውን በበሩ ሥር ሰዶ ይሄዳል፣ አያንኳኳም። ኩራዙ ከጠፋ ሰውየው ተኝቷል፤ መልእክተኛው ደብዳቤውን ሰዶ በሩን ያንኳኳል።

ሰውየው ሊተኛ ነው። መጀመሪያ በበሩ ሥር አየ፣ ደብዳቤ የለም። ኩራዙን ሊያጠፋ ዞረ። በዚህች ቅጽበት መልእክተኛው ደረሰ። ደብዳቤውን ሰደደ። መስኮቱን አየ፣ በርቷል። «ነቅቷል፣ ያየዋል» ብሎ ሄደ። ሰውየው ኩራዙን እፍ ብሎ አጠፋና ተኛ።

ደብዳቤው ወለል ላይ ነው። መልእክተኛው ሥራውን ጨርሷል። ሰውየውም ጥፋት የለበትም፤ ከመተኛቱ በፊት አይቷል። ሁለቱም ስምምነቱን አክብረዋል፣ ደብዳቤው ግን ሳይነበብ ያድራል።

የእኔ ሃይፐርቫይዘር ይህን ነበር የሚያደርገው። ቪሲፒዩው ሃልት ሲል መጀመሪያ መዝገቡን አያለሁ፣ ባዶ ከሆነ «ተኝቷል» የሚለውን ምልክት እጽፋለሁ፣ ከዚያ ትሬዱን አስተኛለሁ። ላኪው ደግሞ ቢቱን ያበራል፣ «ተኝቷል» የሚለውን ምልክት ያያል፣ ከሌለ ትቶት ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት በጣም ጠባብ ናት። ቢሆንም በቀን ብዙ ሚሊዮን ጊዜ የሚደጋገም ነገር አንድ ቀን በጠባቧም ክፍተት ይገባል።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ኩራዙን ያጥፋ። ከዚያ በጨለማው በበሩ ሥር አንዴ ይዳስስ። ደብዳቤ ካለ መልሶ ያብራ። ከሌለ ይተኛ። አሁን መልእክተኛው መቼም ይምጣ መቼ ከሁለቱ አንዱ ይሆናል። ወይ ሰውየው ደብዳቤውን ዳስሶ ያገኘዋል፣ ወይ መልእክተኛው ጨለማውን አይቶ ያንኳኳል። ሁለቱም ቢሆኑ ጉዳት የለውም፤ ቢበዛ አንድ ትርፍ ማንኳኳት ነው። ሁለቱም የማይሆኑበት መንገድ ግን ተዘግቷል።

ይህ የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች አንድ ሕግ ከጠበቁ ብቻ ነው። መጀመሪያ የራስህን ጻፍ፣ ከዚያ የሌላውን እይ። ላኪው ቢቱን ሳያበራ የተቀባዩን ሁኔታ ካየ፣ ወይም ተቀባዩ ምልክቱን ሳይጽፍ መዝገቡን ካየ፣ ነገሩ ይፈርሳል።

ለምን ሰዓታት ፈጀ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሰዓት ቆጣሪው የተኛውን ቪሲፒዩ ቶሎ ስለሚያነቃው ደብዳቤው ትንሽ ዘግይቶ ይነበባል እንጂ አይጠፋም። ዘመናዊ ሊኑክስ ግን ሥራ ፈት በሆነ ፕሮሰሰር ላይ የሰዓት ቆጣሪውን ምት ያቆመዋል፣ ኃይል ለመቆጠብ። ምቱ በቆመበት ሰዓት ጥሪው ሲጠፋ የሚቀሰቅስ የለም። የቁልፍ ሰሌዳው ያነቃው የነበረውም ለዚህ ነው፤ ሌላ ጥሪ ሆኖ በሩን ያንኳኳል፣ ሰውየው ሲነሳ የቆየውንም ደብዳቤ ያገኛል።

ሁለቱን መስመሮች ገለበጥኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። በማግስቱም ሠራ። በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለ።

እዚህ ላይ ልቤ ተሰብሮ ነበር። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፣ ኮዱን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። የቀረው ጉድለት ከኮዱ በታች ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ጋ። ዘመናዊ ፕሮሰሰር የምትጽፉትን ነገር ወዲያው ሜሞሪ ላይ አያሳርፈውም። ስቶር በፈር በሚባል ትንሽ ማቆያ ውስጥ ያስቀምጠውና ወደሚቀጥለው ንባብ ይሄዳል። ኤክስ86 በአብዛኛው ቅደም ተከተል የሚያከብር ፕሮሰሰር ነው፣ ግን ይህችን አንዷን ይፈቅዳል፤ ከጽሕፈት በኋላ ያለ ንባብ ከጽሕፈቱ ቀድሞ ሊፈጸም ይችላል።

በኩራዙ ቋንቋ ስናየው፣ ሰውየው ኩራዙን አጥፍቷል፣ ለራሱ ዓይን ጨለማ ነው። ውጭ ላለው ሰው ግን መስኮቱ ገና በርቶ ይታያል። በዚያች ቅጽበት ሰውየው ይዳስሳል፣ ደብዳቤ የለም። መልእክተኛው ይደርሳል፣ መስኮቱ በርቷል። ያው ተመለስን።

መፍትሔው በጽሕፈቱና በንባቡ መካከል ሜሞሪ ባሪየር ማስገባት ነው፤ «የጻፍከው ለሁሉም እስኪታይ አታንብብ» የሚል ትእዛዝ። በላኪው በኩል ቢቱ የሚበራው ራሱ ባሪየር በሆነ በተቆለፈ ትእዛዝ ስለነበር ችግር አልነበረም። የጎደለው በተቀባዩ በኩል ነበር። አንድ መስመር ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ አልቆመም።

የኬቪኤምን ኮድ ከፍታችሁ ብታዩ ይህንኑ ሕግ ጌስት መግቢያው በር ላይም ታገኙታላችሁ። እዚያ ያለው ጥንቃቄ በጣም ያምራል። ቪሲፒዩው ሊገባ ሲል መጀመሪያ ሆስቱ ላይ ኢንተራፕት ይዘጋል። ከዚያ «ጌስት ውስጥ ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ባሪየር። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረለት ጥሪ ካለ ያያል። ከዚያ ይገባል። ላኪው ከመጨረሻዋ እይታ በኋላ ቢደርስ «ጌስት ውስጥ ነኝ» የሚለውን አንብቦ ኮሩን በእውነተኛ ጥሪ ይመታል። ኢንተራፕት ስለተዘጋ ጥሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቪሲፒዩው ወደ ጌስቱ እግሩን እንዳስገባ ያ የቆመው ጥሪ ወዲያው ያስወጣዋል። ምንም አይጠፋም። ኢንተራፕት መዝጋት ጥሪን የሚያጠፋ ይመስላቸዋል ብዙ ጀማሪዎች። እዚህ ግን ጥሪውን ጠብቆ የሚያቆየው መዝጋቱ ነው።

ነጋዴው ስልክ ሲደውል

አሁን አራተኛው ምክንያት። ቲኤልቢ።

አጋሮ፣ ጌራ፣ ማናና ሊሙ ላይ ሰብሳቢዎች ያሉት አንድ የቡና አቅራቢ አስቡ። ሰብሳቢዎቹ የእሸት ቡናውን ዋጋ በየደብተራቸው ጽፈው ይዘዋል፤ በየአንዳንዱ ኪሎ ለአቅራቢው እየደወሉ አይጠይቁም፣ ደብተራቸውን አይተው ይገዛሉ። ዋጋው ተቀየረ። አቅራቢው ለሁሉም ይደውላል። «የድሮውን ሰርዙ» ይላል። ሁሉም «ሰርዣለሁ» እስኪሉት ድረስ በአዲሱ ዋጋ አንዲት እርምጃ አይራመድም፤ አንዱ በድሮው ከገዛበት ኪሳራ ነው።

ቲኤልቢ ያ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ኮር የሜሞሪ አድራሻ ትርጉሞችን እዚያ ይዟል። አንዱ ኮር አንድ ገጽ ሜሞሪ ሲያነሳ፣ ሌሎቹ የድሮውን ትርጉም እስኪጥሉ ድረስ ያንን ገጽ ለሌላ መስጠት አይቻልም። ኤክስ86 ላይ ይህ ለረጅም ጊዜ የተሠራው በአይፒአይ ነው፤ ላኪው ጠርቶ፣ ባለበት እየተሽከረከረ፣ የሁሉንም መልስ ይጠብቃል። አርም የሚባሉት ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰሮች ስረዛውን በሃርድዌር ለሁሉም ማሰራጨት ይችላሉ፣ ስለዚህ እዚያ ሸክሙ ይቀላል።

አሁን ጌራ ያለው ሰብሳቢ ስልኩ ተዘግቷል። አቅራቢው ደጋግሞ ይደውላል። ሌሎቹ ሁሉ መልሰዋል፣ ሥራው ግን በአንድ ሰው ቆሟል።

ቨርቹዋል ማሽን ላይ ስልኩ የተዘጋው ሰብሳቢ ኮሩን ለሌላ የተነጠቀ ቪሲፒዩ ነው። በእውነተኛ ማሽን በማይክሮ ሰከንድ የሚያልቀው ሥራ ተራው እስኪደርሰው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። ጠባቂው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ እየተሽከረከረ የሌላውን ኮር ጊዜ ያቃጥላል። አንድ ሆስት ላይ ካሉት ኮሮች የበለጠ ቪሲፒዩ ሲጫን ማሽኑ የሚንፈራፈርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ርካሽ ሰርቨር ተከራይታችሁ ምሽት ላይ ያለ ምክንያት ሲዘገይባችሁ ቶፕ የሚለውን ትእዛዝ አስነሱና ስቲል (st) የሚለውን ቁጥር እዩ። ከፍ ካለ ኮራችሁ ለጎረቤት ተሰጥቷል ማለት ነው።

ሊኑክስ ላይ የመጣው መፍትሔ ደስ ይላል፤ ለሰብሳቢው ሱቅ በር ላይ ወረቀት መለጠፍ ነው። ሱቁ ተዘግቷል፤ ስለዚህ በድሮው ዋጋ እየገዛ አይደለም። «ሱቁን ከመክፈትህ በፊት ደብተሩን ሰርዝ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ አቅራቢው መጠበቅ አያስፈልገውም። ሃይፐርቫይዘሩ ለእያንዳንዱ ቪሲፒዩ «ኮሩ ተነጥቋል» የሚል ምልክት ለጌስቱ ያሳያል። ጌስቱ ያንን አይቶ ከመጥራት ፋንታ «ሲገባ ይሰረዝ» የሚል ቢት ይጽፋል። ሃይፐርቫይዘሩ ቪሲፒዩውን መልሶ ከማስገባቱ በፊት ይሰርዝለታል። ይህ ኬቪኤም ላይ በሚሠራ ሊኑክስ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያው ዓመት ጌስቱ ብዙ ተቀባዮችን በአንድ ሃይፐርኮል፣ ማለትም ለሃይፐርቫይዘሩ በሚያቀርበው አንድ ጥያቄ፣ እንዲጠራ የሚያስችል መንገድም ገባ፤ በ64 ቢት ጌስት በአንድ ጥሪ እስከ 128 ቪሲፒዩ። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ ተቀባይ ወይም ለእያንዳንዱ ትንሽ ቡድን አንድ ቪኤም ኤግዚት ይከፈል ነበር።

እዚህ የሆነውን አስተውሉ። ጌስቱ ቨርቹዋል መሆኑን አወቀ፣ በማወቁም ተጠቀመ። መደበቅ ብቻ ሁልጊዜ የተሻለው መንገድ አይደለም። ይህን ለመቀበል እኔ ራሴ ጊዜ ወስዶብኛል።

ብረቱ ሲያግዝ

ስለ ሃርድዌሩ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። ኢንቴል ፖስትድ ኢንተራፕት የሚባል ነገር አመጣ፤ በሰርቨር ፕሮሰሰሮች ላይ ከ2013 ወዲህ አለ። ለእያንዳንዱ ቪሲፒዩ ሜሞሪ ላይ 64 ባይት የሆነች ሰሌዳ ትቀመጣለች። ግማሿ፣ ማለትም 32 ባይት፣ የ256ቱ ጥሪዎች ቢት ነው። በቀሪው ላይ ቪሲፒዩው የትኛው ኮር ላይ እንዳለ፣ በየትኛው ቁጥር መደወል እንዳለበት፣ «ቀድሞ ተደውሏል፣ አትድገም» እና «ለጊዜው አትደውል» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ላኪው ቢቱን አብርቶ ይደውላል። ተቀባዩ ጌስት ውስጥ ካለ ሃርድዌሩ ራሱ ሰሌዳውን አንብቦ ጥሪውን ያስገባለታል፣ ቪሲፒዩው መውጣት አያስፈልገውም።

ላኪው ግን ይወጣ ነበር። እሱም የቀረው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በወጣው የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር፣ በ4ኛ ትውልድ ዚኦን፣ ነው። ሃይፐርቫይዘሩ የሰሌዳዎቹን አድራሻ የያዘ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ ጌስቱ የጥሪ ሬጂስተሩን ሲጽፍ ሃርድዌሩ ሠንጠረዡን ተከትሎ የተቀባዩን ሰሌዳ ራሱ ይሞላል። ኤኤምዲም አቪክ በሚባል የራሱ መንገድ ተመሳሳይ ነገር ይሠራል።

ሆኖም የተኛ ትሬድን የሚቀሰቅስ ብረት የለም። ትሬድ የሚያውቀው ሆስቱ ብቻ ነው። በኤኤምዲ መንገድ ተቀባዩ ኮር ላይ ከሌለ ሃርድዌሩ «አልጨረስኩም» ብሎ ወደ ሃይፐርቫይዘሩ ይወጣል። በኢንቴል መንገድ ኬቪኤም ቪሲፒዩው ሊተኛ ሲል ሰሌዳው ላይ ያለውን የመደወያ ቁጥር ይቀይረዋል፤ አዲሱ ቁጥር ሲደወል ሆስቱ ይነሳና የተኛውን ይቀሰቅሳል። ቁጥሩን ከቀየረ በኋላ ደግሞ ሰሌዳውን መልሶ ያያል፤ በመካከል የመጣ ካለ አይተኛም። ኩራዙን አጥፍቶ በበሩ ሥር መዳሰስ ማለት ነው።

ከጥያቄዎቹ

አንድ ወጣት ተነስቶ፣ «በየአንድ ሚሊ ሰከንዱ ሁሉንም ቪሲፒዩ ብንቀሰቅስስ? ጥሪ ቢጠፋ እንኳ ቶሎ ይገኛል» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም በሁለተኛው ሳምንት አድርጌው ነበር። ማሽኑ አልቆመም። ስህተቱ ግን ነበር፤ አሁን በመቆም ፋንታ አንዳንዴ በአንድ ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ሆኖ ይመጣል። ይህ የባሰ ነው። የቆመ ማሽን ይታያል። አንዳንዴ የሚዘገይ ማሽንን ማንም አይፈልገውም፣ ማንም ግን ምክንያቱን አያገኝም። ሥራ ፈት የሆኑ ቪሲፒዩዎችን በየሚሊ ሰከንዱ ማስነሳት የሚያባክነው ኃይልም አለ። አውጥቼ ጣልኩት።

ሌላ ሰው የመቀስቀስ ዋጋ ራሱ ከባድ አይደለም ወይ አለ። ነው። ስለዚህ ኬቪኤም ቪሲፒዩው ሃልት ሲል ወዲያው አያስተኛውም። ትንሽ ጊዜ ነቅቶ መዝገቡን እያየ ይቆያል፤ በኤክስ86 ላይ በመደበኛው ቅንብር ቢበዛ እስከ 200 ማይክሮ ሰከንድ። ጥሪው በዚያ ውስጥ ከመጣ መተኛትና መቀስቀስ ይቀራል። ልውውጡ ግልጽ ነው፤ ፍጥነት ለማግኘት የኮር ጊዜ ይከፈላል። ብዙ ጥሪ ለሚለዋወጥ ሥራ ይጠቅማል፤ ዝም ብሎ ለሚውል ማሽን ብክነት ነው።

አንዲት ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ይህን በላፕቶፔ ላይ ማየት እችላለሁ?» አለች። ትችላለች። ሊኑክስ ላይ ፕሮክ በሚባለው ማህደር ውስጥ ኢንተራፕትስ የሚል ፋይል አለ። ከፍታችሁ ወደ ታች ውረዱ። ለእያንዳንዱ ኮር ስንት የሥራ ማቀበያ ጥሪ፣ ስንት የተግባር ጥሪ፣ ስንት የቲኤልቢ ስረዛ እንደደረሰ ተቆጥሮ ተቀምጧል። እዚያው ከፈትነው። በዚያ ከሰዓት ብቻ የተጠራቀመው ቁጥር ብዙ ሺህ ነበር። ብሮውዘር ከፍተን ዘጋን፣ ፋይሉን መልሰን አየነው። የቲኤልቢው ቁጥር ዘለለ።

ከዚያ የእኔን ሃይፐርቫይዘር ኮድ በፍላሽ ወሰደች። ሁለቱን መስመሮች መልሳ ልትገለብጣቸው፣ ሁለት ቪሲፒዩ ሰጥታ ሌሊቱን ልታሳድረው ነው። የሰዓት ቆጣሪው ምት እንዲቆም አድርጊ፣ የማተሚያ መስመር አትጨምሪ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን አትንኪ አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ቆሟል።»

«ቪሲፒዩ 1 ምን ላይ ነው?»

«ተኝቷል። ግን መዝገቡ ላይ አንድ ቢት በርቶ ይታየኛል።»